ሐረግ የሌለው ገጽ፦ ጅቡቲና የአንድ ሰው ጽሑፍ ታሪክ

በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ ከጽሑፉ በላይ የሚሳለው ባለ ቀለም ጌጥ ሐረግ ይባላል። ሐረግ የመጽሐፉን ክብር፣ የአስጻፊውን ሀብትና የሠዓሊውን እጅ ይመሰክራል። ሐረግ የሌለው ገጽ ግን ቃሉ እንጂ ሌላ ምስክር የለውም። በአፍሪካ ቀንድ አንድ ሰው በራሱ እጅና በራሱ ኃላፊነት ሐሳቡን ጽፎ ለጥቂት አንባቢዎች የማዳረሱ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ሐረግ የሌለው ገጽ ታሪክ ነው። ዛሬ ያለ ሥዕልና ያለ ቀለም፣ በተራ ፊደል ብቻ በኮምፒዩተር ላይ የግል ገጹን የሚከፍት ሰው ጨርሶ አዲስ ነገር የጀመረ ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የተሄደበት መንገድ አለ። ከመንገዱ በሮች አንዷም የጅቡቲ ከተማ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ጋዜጦች በአንድ ዘመን

ጅቡቲ በ1888 በፈረንሳዮች የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ኦቦክ ላይ የነበረው የፈረንሳይ አስተዳደር ቀስ በቀስ ወደ እርሷ ተዛውሮ በ1896 የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ የተባለው ቅኝ ግዛት መቀመጫ ሆነች። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በ1894 ፈቃድ ሰጥተው ስለነበር፣ በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ማምራት ጀመረ። ከተማዋ የወደብና የሐዲድ ከተማ ሆነች ማለት ነው።

ዕድሜዋ ገና 11 ዓመት ሳለ፣ በ1899፣ በስሟ የተጠራና ራሱን የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ጋዜጣ የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣ በፈረንሳይኛ መውጣት ጀመረ። ማተሚያ መሣሪያ ነበረው፤ በመርከብ የሚመጣ ወረቀትና ቀለምም አላጣም። የሚነገርበት ቋንቋ ግን ከወደቡ ጀርባ ባሉት ሰፈሮችም ሆነ ሐዲዱ በሚያመራበት አገር ብዙኃኑ የሚናገሩት አልነበረም።

ጋዜጣው በጅቡቲ ሲታተም፣ በዚያው ዘመን ገደማ በአዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ጋዜጣ ይወጣ ነበር። ይህኛው ማተሚያ ቤት አልነበረውም። አዘጋጁ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም የሐማሴን ሰው ናቸው። በኤርትራ ከጣልያኖች ጋር ሠርተው፣ በኋላም ታስረው፣ ወደ ምኒልክ ግዛት የተሻገሩ ባለ ቅኔና ሐያሲ ነበሩ። በ1900 ገደማ በአማርኛ እየጻፉ፣ በእጅ እየተገለበጠ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎችና ለመኳንንቱ የሚዳረስ ወረቀት ማውጣት ጀመሩ። የኢትዮጵያን ጋዜጠኝነት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ትረካቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ወረቀት ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ያስተምራል። የጅቡቲው ጋዜጣ መሣሪያ ነበረው፤ የአገሬው ቋንቋ ግን አልነበረውም። የአዲስ አበባው ቋንቋው፣ ሐሳቡና አንባቢው ሞልቶለት መሣሪያ አጣ። ብላታ ገብረ እግዚአብሔር መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ልጠብቅ አላሉም። ብዕርና ወረቀት ይበቃል ብለው ጀመሩ።

ይህ ውሳኔ በዘመኑ ቀላል አልነበረም። በኢትዮጵያ ጽሕፈት ረዥም ዕድሜ ያለው የተከበረ ሙያ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መስመሩን አስምሮ ፊደሉን አንድ በአንድ ያሰፍራል። የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ይለያል። እንዲህ የተጻፈ መጽሐፍ ለትውልድ የሚተላለፍ ሀብት ነው። በየጊዜው የሚወጣ ወረቀት ግን ለዛሬ የተጻፈና ነገ በሌላ የሚተካ ነው። ስለዚህ ገብረ እግዚአብሔር የሠሩት ሥራ ጽሕፈትን ከብራናው ክብር አውርዶ የዕለት ነገር መነጋገሪያ ማድረግ ነበር። ሐረጉ ቀረ፤ ቃሉ ግን ቶሎ ከሰው እጅ ደረሰ።

ሃያ አራት ቅጂ

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1902 ገደማ፣ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባሉ ግሪካዊ በአዲስ አበባ ሌላ የአማርኛ ጋዜጣ ጀመሩ። «አእምሮ» የሚለውን ስም ያወጡለት ራሳቸው ምኒልክ እንደሆኑ ይነገራል። አእምሮም እንደ ገብረ እግዚአብሔር ወረቀት በመጀመሪያ በእጅ የሚጻፍ ነበር፤ ብዛቱም 24 ቅጂ ብቻ ነበር። በኋላ የማባዣ መሣሪያ ሲገኝለት ወደ 200 ከፍ አለ። በማተሚያ መሣሪያ መታተም የቻለው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሃያ አራት የሚለውን ቁጥር በዛሬ ዓይን ያየ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩ ከሥራው ጋር መመዘን አለበት። አንድ እትም አራት ገጽ ነው ብንል እንኳ፣ 24 ቅጂ ለማዘጋጀት 96 ገጽ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን በየጊዜው ማድረግ የሚችለው የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን አንድ ወረቀት አንድ አንባቢ ብቻ አልነበረውም። በአንድ መኳንንት ቤት የገባ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የሰማው ሌላ ቦታ ያወራዋል። የአንባቢው ቁጥር ሃያ አራት ቢሆን የሰሚው ቁጥር ሌላ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የግል ጽሑፍ ዋጋ በአንባቢው ብዛት ብቻ እንደማይለካ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ጋዜጦች ለጥቂት ሰዎች የተጻፉ፣ ጸሐፊው አንባቢዎቹን አንድ በአንድ ሊያውቃቸው የሚችል ወረቀቶች ነበሩ። በዚህ ጠባያቸው ከሕዝብ ማስታወቂያ ይልቅ ለደብዳቤ ይቀርባሉ።

ሁለት ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ

ደብዳቤ ሲነሣ የጅቡቲ ስም ተመልሶ ይመጣል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን የፖስታ ቴምብሮቿን በፓሪስ አሳትማ በ1894 አወጣች። ሆኖም እስከ 1908 ድረስ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ከጅቡቲ ወዲያ ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ ከኢትዮጵያው ቴምብር ጎን የጅቡቲው ጠረፍ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። በአንድ ፖስታ ላይ የምኒልክ ምስልና የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ጎን ለጎን ይታዩ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ሐሳቡን ወደ ውጭ ለመላክ በጅቡቲ ማለፍና ለማለፊያውም መክፈል ነበረበት።

በግእዝ ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ የቆየ ስም አለ፤ ጦማር ይባላል። ከግሪክ ቋንቋ የገባ ቃል ሲሆን፣ ደብዳቤ ወይም መልእክት የተጻፈበት ጥቅል ማለት ነው። አንድ ሰው በስሙ ጽፎ ለሌላው የሚሰድደው ቃል ሁሉ ጦማር ነው። የአማርኛ ተናጋሪዎች በእኛ ዘመን በኢንተርኔት ላይ ለሚከፈተው የግል ገጽ ስም ሲፈልጉ ይህንኑ ጥንታዊ ቃል ከመዝገበ ቃላት አንሥተው ሰጡት። ሥራው ከጋዜጣ ይልቅ ለደብዳቤ እንደሚቀርብ ስለሚያሳይ ስሙ በትክክል የተመረጠ ነው።

በሐዲዱ ዳር የተቀመጡ ጸሐፊዎች

የማተሚያ መሣሪያም በተራው ወደ ምሥራቁ ክፍል ገባ። በ1905 በሐረር የቅዱስ እንጦንስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ ማሪ ቤርናር የተባሉ የካፑቺን መነኩሴ «የኢትዮጵያ ዘሪ» የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። ኅብረተሰቡ ባራቃቸው ሕሙማን መካከል የተጀመረው ሥራ በ1908 ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። በዚያም የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠራ።

ድሬዳዋ ራሷ የጅቡቲ ሐዲድ ልጅ ናት። ባቡሩ 311 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1902 መጨረሻ ላይ ሲደርስባት ተመሠረተች። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። በዚህ መስመር የሚገባውና የሚወጣው ዕቃ ሁሉ የሚቀረጠው በድሬዳዋ ስለነበር የከተማዋ ነጋድራስነት ትልቅ ሹመት ነበር። ሹመቱን ከያዙት መካከል ሁለቱ የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ፈር ቀዳጆች መሆናቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አንዱ በ1908 በሮም «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ሌላው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት ያዩትን ነገር በግልጽ ቋንቋ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1912 በአሥመራ ታተመ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ትልቁ ሥራቸው ግን በሕይወት ሳሉ አልታተመም። በ1919 ሲሞቱ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1924 ነው። በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት አንድ ሰው ያንን ወረቀት ቢጥለው፣ ምስጥ ቢበላው ወይም እሳት ቢነካው ኖሮ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያዎቹ የኢኮኖሚ ጽሑፎች አንዱ ስሙ እንኳ ሳይታወቅ በጠፋ ነበር። የዳነው ሌላ ሰው ዋጋውን አውቆ ስለጠበቀውና ስላሳተመው ነው።

የገብረ እግዚአብሔር ወረቀቶች እንዲህ ዓይነት ዕድል አልገጠማቸውም። ስለ እነርሱ ዛሬ በብዛት የሚነገረው መኖራቸው እንጂ በውስጣቸው የተጻፈው አይደለም። የግል ጽሑፍ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። መንግሥት የሚያሳትመው ጋዜጣ ማኅደር አለው፤ የአንድ ሰው ወረቀት ግን ከአንድ ቤት ሣጥን ጋር አብሮ ይጠፋል።

ፊደሉና መሣሪያው

ከብዕር በኋላ የመጣው የጽሕፈት መኪና ነው። መኪናው የተሠራው ጥቂት ፊደል ላላቸው ቋንቋዎች በመሆኑ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ያለውን የግእዝ ፊደል የሚያስተናግድ ቁልፍ አልነበረውም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ችግሩን የፈቱት እያንዳንዱን ፊደል ሙሉውን ከመቅረጽ ይልቅ ቅጥያዎቹን ለይቶ በማስቀመጥ ነው። ግዕዙ ተመትቶ ቅጥያው ይጨመርበታል። የተገኘው ፊደል የቁም ጸሐፊውን ውበት አልያዘም፤ ግን ይነበባል። ቢሮውም፣ ጋዜጣ አዘጋጁም፣ ደራሲውም ተጠቀሙበት።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ያው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግእዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለማስጻፍ የተሠሩት ፕሮግራሞች ብዙ ነበሩ፤ ሥራውም የሚመሰገን ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ፈቃድ ይደለድል ነበር። በዚያን ጊዜ በአንድ የፊደል ስብስብ ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ስለነበር ፊደላቱን በሁለትና ከዚያም በላይ ስብስቦች መከፋፈል የግድ ሆነ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። ጸሐፊው አማርኛ ጽፏል፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው ግን አማርኛ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የተባሉ ባለሙያዎች «ሴራ» በሚል ምሕጻረ ቃል የታወቀ ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው አማርኛን በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ በሚገኙት ተራ የላቲን ፊደላት የሚጽፍ ነው። ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል በመለየት እያንዳንዱን የግእዝ ድምፅ ይወክላል። መልኩ አያምርም፤ ለለመደ ዓይን ግን ይነበባል። ፕሮግራምም ወደ ግእዝ ፊደል ሊመልሰው ይችላል። በውድ ፕሮግራም ያማሩት ገጾች ፕሮግራሙ ሲጠፋ ሲበላሹ፣ በዚህ ተራ ዘዴ የተጻፈው ዛሬም ያለ ችግር ይከፈታል። ጌጥ ያልነበረው ተረፈ።

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው በ1999 ነው። የዓለም ፊደላትን ሁሉ በአንድ ሥርዓት የሚያስቀምጠው ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ የግእዝን ፊደል አካተተ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ኮምፒዩተር «ሀ» ነው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለ የግእዝ ፊደል ይዞ ሲወጣ ደግሞ ተራው ተጠቃሚ ሌላ ፕሮግራም ሳይገዛ አማርኛ ማንበብ ቻለ። የጅቡቲው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ከወጣ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በእጅ ከሚጻፈው ወረቀት ጎድሎ የነበረው ነገር ለማንም ሰው ተሰጠ።

በዚያው ጊዜ ገደማ ምሥራቅ እስያን ከምዕራብ አውሮፓ የሚያገናኘው ሦስተኛው ትልቅ የባሕር ውስጥ ገመድ ጅቡቲ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ገመዶች ተከተሉ። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር ከምትገናኝባቸው ዋና ዋና መስመሮች አንዱ ዛሬም በዚህች ከተማ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሚላክ የአንድ ሰው ገጽ ቀድሞ ሁለት ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ በሄደበት አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው።

የቤት ቋንቋ

የጅቡቲ ከተማ ለዚህ ታሪክ በር ብቻ አይደለችም፤ ምሳሌም ናት። አገሪቱ በ1977 ነፃነቷን ካገኘች ወዲህ የመንግሥት ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። አብዛኛው ሕዝብ በቤቱ የሚናገረው ግን ሶማልኛና አፋርኛ ነው። አማርኛም በባቡሩ፣ በወደቡና በንግዱ ምክንያት ወደ ከተማዋ በመጡ ኢትዮጵያውያን አንደበት ይሰማል። በአንድ መንገድ ላይ አምስት ቋንቋ በሚሰማባት ከተማ የመጽሐፍና የትምህርት ቤት ቋንቋ የሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው።

ባለ ቅኔው ዊልያም ስያድ በ1959 «ካምሲን» የተባለውን የግጥም መድበል በፓሪስ ሲያሳትም የጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። መቅድሙን የጻፈለትም ሴኔጋላዊው ሌዎፖልድ ሴዳር ሴንጎር ነው። ሶማልኛ በሶማሊያ ኦፊሴላዊ ጽሕፈት ያገኘው በ1972 ነው። አፋርኛም በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ሥርዓት ያገኘው በ1970ዎቹ ዲሚስና ሬዶ በተባሉ ሁለት የአፋር ልጆች ጥረት ነው። እነዚህ ቋንቋዎች ወደ ወረቀት የመጡት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ማንም ሳያዝዛቸው ቁጭ ብለው በመጻፋቸው ነው። ማተሚያ ቤት ለሌለው ቋንቋ የመጀመሪያው ማደሪያ የአንድ ሰው ደብተር ነው።

የሚጻፈውና የሚቀረው

የግል ጽሑፍ ከአደጋ ነፃ ሆኖ አያውቅም። በ2014 ሚያዝያ ወር «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም በኢንተርኔት ላይ ይጽፉ ከነበሩት ወጣቶች ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር በአዲስ አበባ ታሰሩ። ገሚሶቹ በ2015 ክሳቸው ተቋርጦ፣ ሌሎቹ በዚያው ዓመት በፍርድ ቤት ውሳኔ እስኪለቀቁ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በጥቂት ሰዎች የተጻፈ ገጽ ያን ያህል ክብደት ሊሰጠው መቻሉ የጽሑፉን አቅም ያሳያል። ያቺን ገጽ ያገነናት በውስጧ የተጻፈው ቃል እንጂ ገጽታዋ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከእስር ይልቅ በዝምታ የጠፋው ጽሑፍ ይበዛል። ገሚሱ የአንድ ፕሮግራም ፊደል ሲሞት አብሮ ሞቷል፤ ገሚሱ ያከማቸው ኩባንያ ሲዘጋ ተሰርዟል። ከላይ የተነገረው ታሪክ በዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው። የገብረ ሕይወት መጽሐፍ የዳነው ሁለተኛ ሰው ስለያዘው ነው። በሴራ የተጻፈው የተረፈው ከማንም ፕሮግራም ጋር ስላልታሰረ ነው። ሃያ አራት ቅጂ ከአንድ ይሻላል፤ ተራ ፊደል በጌጥ ከታሸገ ገጽ ይልቅ ዕድሜ አለው። ቀኑ የተጻፈበት፣ የጸሐፊው ስም ያለበት፣ ከአንድ በላይ ቦታ የተቀመጠ ቀላል ጽሑፍ ከሁሉም ይቆያል።

በጅቡቲ ከተማ ወይም በድሬዳዋ፣ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ዛሬ ምሽት ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ከብላታ ገብረ እግዚአብሔር የተሻለ መሣሪያ በእጁ አለ። ለመጀመር የሚያስፈልገው ግን እርሳቸው ከነበራቸው አይበልጥም፤ የሚናገረው ነገር፣ የሚጽፍበት ገጽና ተቀብሎ የሚያስቀምጥ አንድ አንባቢ ይበቃዋል።